ሁለት ሰዓት

ጅማ ውስጥ አባቴን በሁለት ሰዓት ሆስፒታል እንዳደረስነው ያልሰማ ሰው ካለ፣ ያኔ ደዶ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ መሆን አለበት። አጎቴ ይህን ያላወራበት ለቅሶ ቤት የለም። እኔም አውርቻለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው ወሬው ውሸት ስለነበረ ነው። ሲጀመር የዋሸነው ደግሞ አንድም የሐሰት ቃል ሳንናገር ነው፤ በዚህ ችሎታ የእኛን ቤተሰብ የሚያክል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አባቴ ቡና ቀማሽ ነበር። ከሊሙ ከጎማ ከጌራ የሚመጣው ቡና ናሙናው እሱ ፊት ተደርድሮ፣ በማንኪያ ድምፅ እያሰማ ፉት ብሎ፣ አፉ ውስጥ አገላብጦ ይተፋና ደረጃውን ይናገራል። ነጋዴው ወሩን ሙሉ የለፋበት ነገር በዚያች ምላስ ላይ ይወሰናል። እሱም ያውቀዋል፤ ሰው አያከብርም ነበር። ሰውንም እንደ ቡናው በደረጃ ነው የሚያየው። የኛን ሰፈር ሊቀ መንበር «የሻገተ» ይለዋል። ታናሽ ወንድሙን፣ ማለት አጎቴን፣ «ሳይቀላ የተለቀመ» ይለዋል፣ እፊቱ። እኔ ንቀትን የተማርኩት ከሱ ነው፤ ሌላ ያወረሰኝ ብዙ ነገር የለም።

አጎቴ ከመንግሥት ቢሮ በጡረታ የተገለለ፣ ስብሰባ የማይቀርበት ሰው ነው። ቀበሌ ሲጠራ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ «ሐሳብ አለኝ» ብሎ ይነሣል፣ ያለፈው ሰው ያለውን ደግሞ ይቀመጣል። በወጉ ከሆነ «እሳቸው» ልለው ይገባኛል፤ ታላቄ ነው፣ ሳገኘውም «ጋሼ» ነው የምለው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «እሳቸው» የሚለው ቃል ለሱ ሲሆን ከአፌ አልወጣ ብሎኛል።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ እኔ ቤት ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነን። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ሰዓቱን አልስትም፤ ሬድዮው የጠዋቱን ዜና ጀምሮ ስለ ባለ ሁለት አሃዝ እድገታችን እያወራ ነበር። የጫማው ክር ከእጁ ወደቀ። አነሣው፤ ደግሞ ወደቀ። «አባዬ፣ ምነው?» አልኩት። ቀና ሲል የቀኝ ከንፈሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የመለሰልኝም ነገር ቃል አልነበረም።

እዚህ ላይ ምን እንደሆነ አልገባኝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ። ግን የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አንጎልን በዓመት አንዴ በሥዕል ሰቅዬ፣ የግራው ክፍል የቀኙን ጎንና ንግግርን ያዛል፣ ደም ሲቋረጥበት ይሞታል ብዬ አስተምራለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ። አባቴ እዚያው ፊት ለፊቴ ቀኝ እጁ ሲዝል፣ አፉ ሲጣመም፣ ምላሱ ሲተሳሰር ወዲያው አውቄዋለሁ። ከሰዓቱ ጋር መሽቀዳደም እንዳለብኝም አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ለአጎቴ ደወልኩ።

በእኛ ቤት አባወራ ያለ ወንድሙ ምክር አይነካም። ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ አባቷን በራሷ ፈቃድ ሐኪም ቤት ጭና ብትሄድና አንድ ነገር ቢሆን፣ «ገደለችው» ነው የምትባለው። ቢመከርበትና ቢሞት ግን «እግዜር ወሰደው» ይባላል። ይሄን ሒሳብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልኩን ደጋግሜ ብደውል አንዲት ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ» እያለች ትመልሰኛለች። አጎቴ ስልኩን ዘግቶ ስብሰባ ላይ ነበር። ሲመጣ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

እሱ በበሩ ሲገባ፣ በአጥሩ በኩል ደግሞ «አባዬ» እያልኩ ስጮህ የሰሙት ጎረቤታችን መጡ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ባለቤታቸው ሄርማታ ሰፈር መስጊዱ አጠገብ ልብስ የሚሰፉ፣ ትልቅ ሙስሊም እናት ናቸው። የጨርቅ ጥቅላቸውን በጋሪ አስጭነው ወደ ገበያ ሊወጡ ሲሉ ነበር። አባቴን አንዴ አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ረቢ! ማሎ፣ እባካችሁ፣ ምን ትጠብቃላችሁ? ሆስፒታል ነው እንጂ! ባጃጅ ላስጠራ?»

አጎቴ የአባቴን ግንባር በእጁ ጀርባ ዳሰሰና፣ «ይረጋጉ፤ ምች ነው። ፀሐይ ነው የመታው። ዳማከሴ ካለዎት ቅጠሉን ይስጡን» አላቸው።

ጅማ ላይ ፀሐይ ካየን ሳምንታችን ነበር። ዝናቡ ሌሊትም ቀንም አላባራ ብሎ የግቢው ጭቃ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል። አባቴ ደግሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ ከቤት አልወጣም። ይህን የተናገረ ሰው የለም።

ሴትዮዋ ቅጠሉን ከጓሯቸው ቆርጠው አመጡልኝ። በር ላይ ሲሰጡኝ ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቅጠሉን ለአጎትሽ ስጪው፣ ደስ ይበለው። አባትሽን ግን አሁኑኑ ውሰጂው። የእህቴን ባል አይቻለሁ፤ ይሄ ነገር ጊዜ አይሰጥም። እሺ?»

«እሺ፣ አሁን እንወስደዋለን» አልኳቸው።

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

አምነውኝ ከጋሪያቸው ኋላ ወደ ገበያቸው ሄዱ። ያን ቀን በዚያ ግቢ ከቆመው ሰው ሁሉ ልክ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም።

ዳማከሴው ተጨመቀ። ግማሹ ግንባሩና አፍንጫው ላይ ተቀባ፤ ግማሹን አጎቴ ሊያጠጣው ሲል ትን ብሎት በአፍንጫው ወጣ። አጎቴ «ይኸው፣ እየገፋው ነው» አለ። ከዚያ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደራርቦ «ያልበው» አለ። ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ከተጫነበት ማን የማያልበው አለ? አባቴም አላበው። አጎቴ «አላልኳችሁም?» አለና ዙሪያውን አየ። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

አባቴ በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ገፎ በሩን አመለከተ። አጎቴ «በሩ ይዘጋ፣ ነፋስ ገባ ነው የሚለው» አለ። ዘጋሁት። አባቴ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ በጣም ተቆጣ፤ ቁጣውን አውቀዋለሁ፣ የከሸፈ ቡና ሲቀርብለት የሚያሳየው ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ አሳምሬ እያወቅሁ ትራሱን አስተካከልኩለት።

እኩለ ቀን ሆነ። ምሳ ሠራሁ። አዎ፣ ምሳ ሠራሁ፤ ሽሮ። እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ አይወጣም፣ አጎቴ ደግሞ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያቃስት እሱ ከወዲህ ሽንኩርቱ እንዳነሰ ነገረኝ። ከበላ በኋላ ድፍረቴን ሁሉ ሰብስቤ፣ «ጋሼ፣ ሆስፒታል አይሻልም?» አልኩ። ከዚህ በላይ ድፍረት አልነበረኝም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለኝ። «ደግሞስ በገበያ ቀን፣ አፉ እንዲህ ተጣሞ፣ በባጃጅ በመርካቶ ሊያልፍ? ስንቱ ነጋዴ ነው ቡናውን የጣለበት? ጠላት ይሳቅበት?»

ይህ ነበር ነገሩ። አባቴ ቡናቸውን የጣለባቸው ሰዎች አፉን ጠማማ እንዳያዩት ቤት ውስጥ ደበቅነው። ያቺ ስንቱን ያከሰረች ምላስ እየሞተች ሳለ እኛ የምንጨነቀው መንገድ ላይ ስለሚያያት ሰው ነበር። ይሉኝታ ይሉታል። እኔ ሌላ ስም ብሰጠው ደስ ይለኛል፣ ግን የሚመጥን ስድብ አላገኘሁለትም።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ አጎቴ ምቹን ረስቶ ሌላ በሽታ አገኘ፤ «ደም ብዛት ነው!» አለ። እውነትም አባቴ የደም ግፊት ነበረበት፣ ኪኒኑንም ሲሻለው ትቶት ነበር። የእኛ ሰው ግን «ደም ብዛት» ሲል ቃሉን እንዳለ ነው የሚረዳው፤ ደሙ በዝቷል፣ ስለዚህ ይቀነስ። አጎቴ የሚያውቀውን ዋግምት የሚያደርግ ሰው ራሱ ሄዶ አመጣ። ሰውየው የቀንድ ዋንጫዎቹን በፌስታል ይዞ መጣ፤ አባቴን በሆዱ አስተኝቶ ማጅራቱን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ ቀንዶቹን ተከለበት። ሲያነሣቸው ቀንዱ ውስጥ ጥቁር፣ የረጋ ደም አለ። ደም ከሰውነት ወጥቶ ትንሽ ከቆየ ይረጋል፤ ይህንንም አስተምራለሁ። ሰውየው ግን ቀንዱን ለአጎቴ ዘንበል አድርጎ እያሳየ፣ «ይኸው፣ የረጋው ወጣ። ምላሱን አስሮ የያዘው ይሄ ነው» አለ። አጎቴ ተጎንብሶ አየና በረጅሙ ተነፈሰ።

አባቴ አላገገመም። ይብሱን ማንኮራፋት ጀመረ፤ ቢጠራ ዓይኑን በግድ ነው የሚገልጠው። አጎቴም ያን ጊዜ ፈራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ «ምን ቆማችኋል? ባጃጅ ጥሩ እንጂ!» ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። ባጃጁ መጥቶ በር ላይ ቆሞ እያለ ግን እንደገና ቆየን፤ አባቴ ያለ ኮት ሰው ፊት ቀርቦ አያውቅማ። የማይታዘዝ ክንዱን እጅጌ ውስጥ ለማስገባት ሁለታችን ታገልን። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት፣ ክራቫቱን አሰርኩለት። የዋግምቱ ቁስል ከኮሌታው ሥር ገባ። ከቤት ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ከጫማው ክር ጀምሮ ሰባት ሰዓት ሙሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። አባቴን አየና ምንም ሐተታ ሳይፈልግ፣ «ከጀመረው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሁለት ሰዓት» አለ አጎቴ።

እምላለሁ፣ በዚያች ቅጽበት አጎቴ አልዋሸም። መቼ ጀመረ የተባለ መስሎት ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ሐኪሙ ግን ከጀመረው ሁለት ሰዓት ሆነው ብሎ ሰማ። ቋንቋችን ለሁለቱም ያለው ይህንኑ ነው፣ አብልጦ ማስረዳት ለተናጋሪው የተተወ ነው። «ሁለት ሰዓት! ጎሽ፣ ፈጥናችኋል» አለና ካርዱ ላይ ጻፈ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ስህተቱ ገብቶታል፤ እኔም እንደገባኝ አይቷል። ሐኪሙ እስክሪብቶውን እስኪያነሣ ድረስ ለማረም በቂ ጊዜ ነበረን። አንድ ቃል፣ «ጠዋት» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገና ኮፍያውን አወለቀ። እኔ የአባቴን ክራቫት አላላሁ። ነርሷ በኋላ ሸሚዙን ስታወልቅ ማጅራቱን አይታ «ይሄስ?» ስትል፣ አጎቴ «ያለፈው ሳምንት ነው» አላት። ይህ ግን ንጹሕ ውሸት ነው፤ አንዴ ከጀመሩት ቀላል ነው። ነርሷ ትኩስ ቁስል የማታውቅ አይደለችም፣ ከንፈሯን መጠጠችና ሥራዋን ቀጠለች።

የጭንቅላት ፎቶ ተነሥቶ ከመጣ በኋላ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት አንሥቶ አሳየን። የፈሰሰ ደም የለም፤ የረጋ ደም ነው አንዱን ትልቅ የደም ሥር የዘጋው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ወረቀት ስቦ ሥዕል ይሠራ ጀመር። ውጭ አገር ቢሆን፣ አለ፣ በብሽሽት በኩል ባለው የደም ሥር ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ፣ በልብ አጠገብ አሳልፈው በአንገት በኩል አንጎል ድረስ ያደርሱታል። የሽቦው ጫፍ እንደ ወንፊት ነው፤ የረጋውን ደም ጨብጦ ጎትቶ ያወጣዋል። ሲወጣ ደሙ መንገዱን ያገኛል፤ ተሸክመውት የገቡት ሰው እዚያው ጠረጴዛ ላይ እጁን ያነሣል፣ ስሙን ይናገራል። ይህ የሚሆነው ግን በሰዓቱ ለደረሰ ነው። አንጎል ያለ ደም አይጠብቅም፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቢስቡትም የሚያድኑት ነገር የለም።

ይህን ሲነግረን ፊቱ በርቶ ነበር፤ አይቶት የማያውቀውን ነገር እንደ ተረት የሚወድ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና፣ «እዚህ የለንም። አዲስ አበባም የለም። እናንተ በሰዓቱ ደርሳችኋል፤ ያልደረስነው እኛ ነን። ራሳችሁን አትውቀሱ» አለን። እኛን ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ያ ልጅ ስንት ሌሊት ሳይተኛ ውሎ አድሮ የሰው ነፍስ ለማትረፍ የሚባዝን፣ እኛን፣ ሽሮ በልተን የመጣነውን፣ ይቅርታ ጠየቀን። አጎቴ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ልጄ» አለው።

አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ ገባ። ቀኝ እጁና እግሩ ቀረ። ንግግሩም ጠፋ፤ የሰው ነገር ግን ሁሉ ይገባዋል። ያ በማንኪያ ፉት ብሎ ተራራና ሸለቆ የሚለይ ሰው ሾርባ ሲጎነጭ በአፉ ጥግ ይፈስበታል፣ እኔ እጠርገዋለሁ።

ጠያቂ ጎረፈ። አጎቴ ከአልጋው ራስጌ ወንበሩን ተክሎ ይተርካል። «በሁለት ሰዓት! ሐኪሙ ራሱ ነው የመሰከረ። ‹እናንተ ደርሳችኋል፣ እኛ ነን ያልደረስን› አለን። አገሩ ነው የጎደለው እንጂ እኛማ ምን ጎድሎብን?» ጠያቂው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ አገሩን ይረግማል። እውነትም አገሩ ጎድሏል፤ ሽቦው የለም፣ ሰዎቹ የሉም። ይህ ነው የሚያናድደኝ፤ ውሸታችንን የተከልነው እውነት ላይ ነው። ያ ሽቦ በእኛ አጥር ጥግ ቢተከል ኖሮም እኮ አባቴን የምናደርሰው ዳማከሴው ተጨምቆ፣ ምሳው ተበልቶ፣ ክራቫቱ ታስሮ ነበር። የአገር ድህነት እንዲህ ያለ ጊዜ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ የራስን ሥራ ከሥሩ ይደብቅልሃል።

አጎቴ ነገሩን ቀበሌም ወሰደው። የመልካም አስተዳደር ችግር ተብሎ ሰው አስተያየት ሲጠየቅ ተነሣና፣ ወንድሙን በሁለት ሰዓት አድርሶ መሣሪያ አጥቶ እንደቀረ ተናገረ። ተጨበጨበለት። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። መድረኩ ላይ የነበሩት «በቀጣይ የሚታይ ነው» አሉ። አጎቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ያላለውን ሐሳብ አቀረበ፤ እሱም ውሸት ነበር።

አባቴ ይህን ሁሉ ይሰማል። አጎቴ «ሁለት ሰዓት» ባለ ቁጥር ግራ እጁን ያነሣል፤ አምስቱንም ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ጨብጦ ደግሞ ሁለት ጣት ያወጣል። አምስት፣ ከዚያ ሁለት። ጠያቂዎቹ ይተረጉሙለታል። «አምስትና ሁለት… ሰባት። ሰባት ቀን ጾም ልያዝ ነው የሚለው መሰለኝ» ይላል አንዱ። «በሰባተኛው ቀን ይምጡ ማለቱ ነው» ይላል ሌላው። አጎቴ «መባረኩ ነው» ብሎ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ብርድ ልብሱ ይመልስለታል። አባቴ መልሶ ያወጣዋል። ዓይኑ ግን ወደ እኔ ነው። የምናገር እኔ ነኝ፤ ምላስ ያለኝ እኔ ነኝ። ሻይ ላምጣ ብዬ እነሣለሁ።

ጎረቤታችን ሊጠይቁ የመጡ ጊዜ አጎቴ አልነበረም። ከአልጋው ሥር ተቀመጡ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ለአባቴ ዱዓ አደረጉለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያን ለት በሰዓቱ አደረስሽው አይደል?» አሉኝ።

አጎቴ አልነበረም ብያለሁ። እሱን ሰበብ ላደርግ አልችልም። ያን ለት ቃሌን የሰጠኋቸው ሴት ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ሁለት ትርጉም አልነበረውም።

«አዎ» አልኩ። «ሁለት ሰዓት። ሐኪሙ ራሱ ፈጥናችኋል አለን። ግን ፈጥነን መድረሳችን ምንም አልጠቀመውም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ የሚቻለውን አድርገሻል» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። አባቴ እጁን አላነሣም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወዲህ እኔም በደንብ ተካንኩበት። መምህራን ክፍል ውስጥ ስጠየቅ ሐኪሙ የሣለውን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳይቀር እየሣልኩ አስረድቻለሁ። ሽቦውን፣ ወንፊቱን፣ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ስሙን ሲናገር። የኬሚስትሪ አስተማሪው እንባ አቀረረ። አጎቴን ስሰድበው የኖርኩት እኔ፣ የእሱን ተረት ከእሱ አሳምሬ ማውራት ጀመርኩ።

በዓመቱ የጎረቤታችን ባለቤት፣ ልብስ ሰፊው፣ አረፉ። የሰማሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። በማግስቱ ለቅሶ ደረስኩ። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል ገብቼ ከሴትዮዋ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበውታል፤ ድምፃቸው ሰልሏል።

«እንዴት ሆነው ነው?» አልኳቸው፣ በወጉ እንደሚጠየቀው።

«እንደ አባትሽ ነው፣ ኢንተላ ኮ። ከፈጅር ሰላት ሲመለስ እግሩ ታጠፈ፣ አፉም እንዲያው እንደ አባትሽ። ልጆቹ ባጃጅ እንጥራ አሉ። ወላሂ፣ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ጃርሳዬን፣ ሽማግሌዬን፣ አታንገላቱብኝ አልኳቸው። የጎረቤታችንን ሰው በሁለት ሰዓት አድርሰውት ምን አተረፉ? አስተማሪ ልጅ ያለው ሰው፣ ሐኪሙ ፈጥናችኋል ያለው ሰው፣ እሱ ካልዳነ የእኔ በምን ይድናል? ቤቱ ይረፍ፣ ቁርኣን ይቀራበት፣ የአላህን እንጠብቅ አልኩ። ማታ ሲጠናበት ወሰዱት። ሐኪሙ ተቆጣ፤ ምነው ጠዋት ብታመጡት፣ የረጋ ደም የሚስበው ሽቦ ባይኖረንም የምናደርግለት ነገር ነበረን አለ። ሦስት ቀን ቆየና ሄደ።»

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት «ቀደሩ ነው፣ የተጻፈለት» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት።

«አሁን ልጆቹ ዓይኔን አያዩኝም» አሉ ሴትዮዋ። «እኔ ግን ሌሊት እሱን ነው የምይዘው፣ አንቺ የነገርሽኝን። ቢወስዱትም ያው ነበር እላለሁ። እነሱ በሁለት ሰዓት አድርሰው ያው ነው የሆነው እላለሁ። ይሄን ባትነግሪኝ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ራሴን በልቼ እጨርስ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ነው፣ እርስዎ ነበሩ ልክ፣ ከኔ ይልቅ ራስዎን ቢሰሙ ኖሮ። ፊታቸውን አየሁ። ይህን አሁን ብላቸው ሌሊት የሚይዙት ነገር አይኖራቸውም። ዝም ብላቸው ደግሞ ነገ ይህንኑ ለሌላ ሴት ይነግሯታል፣ እሷም ባሏን ቤት ታስተኛለች። ሁለቱንም አወቅሁ። የአስተማሪ ዕውቀቴ እንደ ልማዱ በሰዓቱ ደረሰ።

«አላህ ያጽናዎት» አልኩ።

«አሚን። አንቺንም አላህ ይባርክሽ» አሉና ሊመርቁኝ እጃቸውን ወደ ራሴ ዘረጉ። ክንዳቸው ደክሞ ስለነበር አልደረሰም። እኔም እንዲደርስላቸው ዝቅ አልኩ።